ማሲንቆው አዲስ አበባ፣ ግጥሙ ደብረ ማርቆስ

እኔ ግጥም እጽፋለሁ። ኑሮዬ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ቀን ቀን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ዜማውን የሚሠራው ሰው የቢቸና ልጅ ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የባህል ምሽት ቤት ማሲንቆ እየመታ ያድራል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «አያ» እለዋለሁ፤ እሱ «እህት ዓለም» ይለኛል። በመካከላችን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና የዓባይ በረሃ አለ። ተራርቀው የአገር ቤት ለዛ ያለው ዘፈን መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች እንዴት እንደምንግባባ ደጋግመው ስለሚጠይቁን የምንሠራበትን መንገድ እጽፋለሁ። ምክሩ ለግጥም ጸሐፊ ያደላል። ዜመኛው ቅር ካለው የራሱን ይጻፍ።

መጀመሪያ በርቀት ምን እንደሚጎድል ይታወቅ። በአዝማሪ ቤት ግጥም ሰጪውና ዜመኛው ፊት ለፊት ናቸው። አንዱ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው «እቀበላለሁ» ብሎ ጆሮውን ይሰጣል። ቃሉ ከዜማው ቢረዝም አዝማሪው ይውጠዋል፣ ቢያጥር «ኧረ» ወይም «ሆ» ጨምሮ ይሞላዋል፤ ሰጪውም ፊቱን አይቶ ሁለተኛውን ስንኝ ያስተካክላል። ይህ ሁሉ እርማት ያለ ምንም ንግግር በዓይንና በጆሮ ያልቃል። ተራርቆ ለሚሠራ ሰው ግን ዓይን የለም። ስለዚህ አዝማሪው በቅጽበት ያቃናው የነበረው ነገር ሁሉ አንድም ቃል ከመጻፉ በፊት በግልጽ መነገር አለበት። የቀረው ምክሬ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ዜማው ይቅደም

ግጥም ይቅደም ወይስ ዜማ የሚለው ክርክር ጎጃም ውስጥ ቶሎ ይሞቃል፤ የዲማና የዋሸራ የቅኔ ጉባኤዎች አገር ነውና ሁሉም ሰው ቃል ይቀድማል ባይ ነው። አብሮ ለሚውል ሰው የትኛውም ቢቀድም ግድ የለም። ለተራራቀ ሰው ግን ዜማው ይቅደም እላለሁ። ቃል የመጣለት ሰው አሥር ስንኝ ጽፎ ሲልክ ዜመኛው እያንዳንዱን ስንኝ የሚሸከም የተለያየ ዜማ ይፈልግለታል፤ ውጤቱም አዝማች የሌለው ንባብ ይሆናል። ዜማው አስቀድሞ ካለ ግን ግጥም ጸሐፊው የት እንደሚቆም ያውቃል።

አያ ዜማ ሲልክልኝ ሦስት ቅጂ ነው። የመጀመሪያው ያለ ቃል በእንጉርጉሮ ብቻ፣ በእግሩ ወለሉን እየመታ ነው። የእግሩ ምት ለእኔ ከዜማው እኩል ያስፈልገኛል፤ ችክችካ ይሁን ዝግ ያለ ነገር በእሱ አውቃለሁ። ሦስተኛው ማሲንቆው ብቻውን የሚሰማበት ነው፤ እሱን ከፍቼ የራሴን ግጥም በላዩ እሞክራለሁ። ሁለተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል፦ ዜማውን በመጣለት ቃል ሞልቶ ይዘፍነዋል። ቃሉ ትርጉም እንዲኖረው አልጠብቅም። አንድ ጊዜ የላከልኝ እንዲህ ይል ነበር፦

ሽሮው ጨው አነሰው፣ እንጀራው ሻገተ

ምሳውን ሲያማርር ነው። ለእኔ ግን ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም። አንድ ሐረግ ስድስት ቀለም (በአፍ አንድ ጊዜ የሚወጣ የድምፅ ቁራጭ)፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ሌላ ስድስት ቀለም መሆኑን ነገረኝ። «አነሰው» ላይ ድምፁን ወደ ላይ እንደሚሰቅል፣ «ሻገተ» ላይ ደግሞ የመጨረሻዋን ፊደል እንደሚጎትታት ሰማሁ። ዜመኛ በእንጉርጉሮ ብቻ ሲዘፍን ምላሱ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም፤ ለሻገተ እንጀራም ቢሆን ቃል ሲኖረው ይታወቃል።

ከቅጂዎቹ ጋር አብሮ መምጣት ያለበት ጥቂት ወሬም አለ። ቅኝቱ፣ ማለትም ዜማው የሚሄድበት የድምፅ አሰላለፍ፣ ትዝታ ነው፣ ባቲ ነው፣ አምባሰል ነው ወይስ አንቺሆዬ? ትዝታ ከሆነ ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ? እኔ ክራር አልቃኝም፤ ሆኖም አንቺሆዬ ላይ የሰርግ ጨዋታ ልጻፍ ወይስ ሌላ ነገር ብዬ ከመድከም መጠየቁ ይቀለኛል። ዘፋኙ ወንድ ነው ወይስ ሴት የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። አማርኛ «አንተ»ንና «አንቺ»ን ይለያል፤ ዘፋኙ በኋላ ሲቀየር ግሱ ሁሉ ይቀየራል፣ ግሱ ሲቀየር ቤት መምቻው ይፈርሳል። ማሲንቆም አንድ ጭራ ያለው መሣሪያ ስለሆነ ለዘፋኙ ድምፅ እየተባለ ከፍና ዝቅ ይደረጋል፤ አያ ለራሱ ጉሮሮ የላከው ከፍታ ለሴት ዘፋኝ እንደማይሆን ማወቅ አለብኝ።

ቀለም ቆጠራ

በአማርኛ ግጥም በብዛት የምንገናኛቸው ልኮች ሦስት ናቸው። አራት በአራት የሚሄደው ቡሄ በሉ ቤት 8 ቀለም አለው። አምስት በአምስት የሆነው ሰንጎ መገን 10፣ ስድስት በስድስት የሆነው የወል ቤት ደግሞ 12 ቀለም አላቸው። ከዜመኛው ጋር በስልክ ስትነጋገሩ «ረዘመብኝ»፣ «አጠረብኝ» ከማለት «የወል ቤት ነው፣ አንድ ቀለም ተርፎሃል» ማለት ክርክር ይቀንሳል።

ቆጠራው የሚሰማው ድምፅ እንጂ የተጻፈው ፊደል እንዳልሆነ ላስታውስ። «መንገድ» በወረቀት አራት ፊደል ነው፤ በአፍ ሁለት ቀለም ነው፦ መን፣ ገድ። «ጭጋግ» ሦስት ፊደል ሆኖ ሁለት ቀለም ነው። ተማሪዎቼ በዚህ ይሳሳታሉ፤ ደብዳቤ በሚመስል ግጥም የሚመጡ ጎልማሶችም እንዲሁ። ጠረጴዛ በጣት እየመቱ ጮክ ብሎ ማንበብ በቂ ነው።

በዚያው የሽሮ ዜማ ላይ ያስቀመጥኩት ግጥም ይህ ነበር፦

የጮቄ ጭጋግ ነው፣ መንገድ የዘጋብኝ
አንተስ አለህ ብዬ፣ ሌሊቱ ነጋብኝ

አያ ወደደው። ከሳምንት በኋላ ግን ዜማውን አሳጠረው፤ ጨዋታው እንዲፈጥን ስለፈለገ ከእያንዳንዱ ሐረግ አንድ ቀለም ቆረጠ። አሁን አምስት በአምስት ሆነ። ብዙ ግጥም ጸሐፊ እዚህ ላይ ይቀየማል። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት «ጭጋጉ ወርዶ፣ መንገድ ዘጋብኝ» የሚል ነበር፤ ልኩ ገጥሟል፣ ጮቄ ግን ጠፋ። ተራራው ከወጣ ዘፈኑ ከየትም አገር ሊሆን ነው። እንደገና ቆጥሬ ይህን ላክሁ፦

ጮቄ ላይ ጭጋግ፣ መንገድ ዘጋብኝ
አለህ እያልኩኝ፣ ሌሊት ነጋብኝ

የበፊቱ ይበልጥ የሚናገር ነበር፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስጨፍራል። ዜማው የእሱ ስለሆነ አልተከራከርኩም። ምክሩ ይህ ነው፦ ልክ ሲቀየር መጀመሪያ የማይነካውን አንድ ቃል ምረጡ፣ የቀረውን በዙሪያው አፍርሳችሁ ሥሩ።

ሌላው የቆጠራ ጉዳይ የሚጎተቱ ቦታዎች ናቸው። ዘፋኝ ድምፁን የሚያንቆረቁርበት ቦታ ላይ የተከፈተ አናባቢ ያስፈልገዋል፤ ራብዕና ሳብዕ ፊደላት ጉሮሮ ይከፍታሉ፣ ሳድስ ግን ይዘጋል። «ነጋብኝ» በ«ኝ» ስለሚያልቅ ሊጎተት አይችልም፤ አያ በመጨረሻው «ዬ» ጨምሮ ሊያመልጥ ይችላል፣ ሆኖም በየስንኙ «ዬ» ከሆነ ያሰለቻል። ስለዚህ ዜማው ሲላክ የሚጎተተውን ቦታ በቃል እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ፦ «ሁለተኛው ሐረግ መጨረሻ ላይ እረዝማለሁ» ይለኛል፤ እኔም እዚያ ላይ «ዋ» ወይም «ና» ወይም «ሎ» የሚያልቅ ቃል እፈልጋለሁ።

ጠብቆና ላልቶ

ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም። ጋዜጣ ስናነብ አያስቸግረንም፤ ከአረፍተ ነገሩ እንረዳዋለን። ዘፈን ላይ ግን ዜማው ቃሉን ይጎትተዋል፣ ያሳጥረዋል፣ ይከፍለዋል፤ በአፍ ሳይነገር በጽሑፍ ብቻ የተላከ ግጥም በተሳሳተ ጥብቀት ሊዘፈን ይችላል። ከላይ ያለውን «አለህ» ተመልከቱ። ጠብቆ ሲነበብ «አንተ አለኸኝ» ማለት ነው፤ ላልቶ ሲነበብ «እሱ ነገረህ» ይሆናል። አያ በመጀመሪያ ቅጂው አላልቶ ዘፍኖት ነበር፤ ያቺ ቃል አጭር ምት ላይ ስለወደቀች ለማጥበቅ ጊዜ አላገኘም። ሰሚው «ማን ነው የነገረው?» ብሎ ይቀራል። ቃሉን ከመቀየር ምቱን ግማሽ ያህል ወደፊት ገፋው፤ ተስተካከለ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ግጥም በጽሑፍ ስትልኩ በዚያው ሰዓት በድምፅ አንብባችሁ ላኩ፤ ሳትዘፍኑ፣ ዝም ብላችሁ እንደ ወሬ። አጠራጣሪ ቃል ካለ ከጎኑ «ጠብቆ» ወይም «ላልቶ» ብላችሁ ጻፉ። ሆን ብላችሁ ሕብረ ቃል ካስገባችሁ፣ ማለትም ሁለቱም ንባብ እንዲሰማ ከፈለጋችሁ፣ ይህንንም ለዜመኛው ንገሩት። ሰሙ ለሰሚው ነው እንጂ ወርቁ ከሥራ ባልደረባ አይደበቅም። በቅኔ የሚመጻደቁ ግጥም ጸሐፊዎች ዜመኛው ራሱ እንዲፈታው ሲጠብቁ አይቻለሁ፤ ያልገባውን ቃል ደግሞ ማንም አጉልቶ አይዘፍንም።

ነገራ

የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ብቻውን ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፣ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ እዚያው በቃል ያርመዋል። ቆጠራና ነገራ የተለያዩ ሰዓቶች ናቸው። ለእኛም ይህ ሥርዓት ይሠራል። ጽሑፍ የሚላላከው በቆጠራ ጊዜ ነው፤ እርማት ግን በአፍ ይሁን። «ሦስተኛው ስንኝ አልጣመኝም» የሚል የጽሑፍ መልእክት ሌሊት ሲደርስ ከተጻፈው በላይ ይከፋል።

የእኛ ሰዓት አይገጥምም። እሱ ከሥራ የሚወጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ለክፍል እዘጋጃለሁ። ስለዚህ ሲገባ የዘፈነውን ልኮ ይተኛል፤ እኔ ቡና ሳፈላ እሰማዋለሁ። ነገራው ሰኞ ማታ ነው፤ ዕረፍቱ ያኔ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «በ2 ሰዓት» ብቻ አትበሉ፤ ጠዋት ወይስ ማታ መሆኑን፣ አንዳችሁ ውጭ አገር ከሆናችሁ ደግሞ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይነገር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ምሽት ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ከባድ የሆነውን ሥራ ለእነዚያ 55 ቀናት እናስቀምጣለን።

በነገራ ጊዜ የምንጠቀምባቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፦ «ይገባል»፣ «አይገባም» እና «ያንቃል»። ያንቃል ማለት ትርጉሙ ጥሩ ሆኖ ለመዘፈን የሚያስቸግር ነው፤ «ያልተጠበቀችው» ብዬ ጽፌለት አውቃለሁ፣ መልሱ አንድ ቃል ነበር። ዜመኛው ሌላ አናባቢ መጠየቅ ይችላል፣ ቃሉን ግን እኔ አመጣለሁ። እኔም አንድ ምት ጨምርልኝ ማለት እችላለሁ፣ ዜማ ግን አላንጎራጉርለትም። ይህ አጥር ቂም እንዳይኖር ያደርጋል። አንድ በር ብቻ ትተናል፦ እየዘፈነ ሳያስበው ከአፉ የወጣ ቃል ከእኔ ከበለጠ ይቆያል። አዝማሪ ነውና ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ቅናቴን ለራሴ እይዛለሁ።

ስለ ስልክና ፋይል

ለሐሳብ መለዋወጥ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይበቃል። ለሥራ የሚሆነውን ቅጂ ግን በስልኩ መቅጃ ቀድቶ እንደ ፋይል መላክ ይሻላል፤ የድምፅ መልእክት ስለሚታመቅ የማሲንቆው ጫፍ ይበላል። ሲቀዱ ስልኩ ከአፍ አንድ ክንድ፣ ከማሲንቆው ትንሽ ራቅ ይበል፤ ባዶ ግድግዳ ያስተጋባል፣ ጋቢ ቢሰቀልበት ይረግባል። ፋይሉን ስልኩ ራሱ በሰጠው የፈረንጅ ቀን አትተዉት። እኛ የዘፈኑን መጠሪያና ተራ ቁጥር እንጽፋለን፦ «ጮቄ 4 ዜማ»፣ «ጮቄ 4 ግጥም»። ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ግጥሙ ለአሮጌው ዜማ የተጻፈ ነው ማለት ነው።

ኢንተርኔት ሲጠፋስ? ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ፤ ለወራት ሳይመለስም ቆየ። ያኔ የተማርነው ነገር አሁንም ይጠቅመናል። የተለመደው የስልክ ጥሪ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው የሚያሳልፈው፤ ከዚያ በታችና በላይ ያለው ይቀራል። ስለዚህ ማሲንቆ በጥሪ ውስጥ ይሳሳል፣ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ሲደባለቅም ሁለቱም አይሰሙም። አያ ማሲንቆውን አስቀምጦ በአፉ ብቻ እንዲያዜምልኝ፣ ምቱን ደግሞ በጭብጨባ እንዲሰጠኝ አደረግን። እኔ ግጥሙን ሐረግ በሐረግ አነባለሁ፤ እሱ ደብተር ላይ ጽፎ መልሶ ያነብልኛል። መልሶ ማንበቡ የግድ ነው፤ በስልክ «በ» እና «ደ»፣ «ጠ» እና «ቀ» ይቀላቀላሉ። በመኪና የሚመጣ የታመነ ሰው ሲገኝ ቅጂው በፍላሽ ይመጣል። ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ስንኝ እንደዚያ ተጨንቀን አናውቅም።

ከማስቀዳት በፊት

ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ግጥሙን ለማያውቅ ሰው አሰሙ። እኔ ለቡና የሚመጡ ጎረቤቶቼን እጠቀማለሁ። «እንዴት ነው?» ብዬ አልጠይቅም፤ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ አሰምቼ «እስቲ ምን አለ?» እላለሁ። ከጎረቤቶቼ አንዷ እትዬ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጆሯቸው የማይሳሳት፣ ቃሉን አጣመው ከደገሙት ጥፋቱ የቃሉ ነው ብዬ እቀይራለሁ። ለጨዋታ የታሰበ ከሆነ ትከሻ መነቃነቁንም እመለከታለሁ፤ ትከሻ አይዋሽም።

ለአቀናባሪው የሚሄደው የመጨረሻው ቅጂ ብቻ ነው፦ ዜማው ከማሲንቆ ጋር፣ ማሲንቆው ብቻውን፣ ግጥሙ በጽሑፍ ጥብቀቱ ተለይቶ፣ አዝማቹ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ ተጽፎ። የቀድሞዎቹን ቅጂዎች አትሰርዙ፤ ማን ምን መቼ እንደሠራ ማስረጃ ናቸው።

ወረቀቱን አታዘግዩት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 የተሻሻለው፣ የኢኮኖሚ መብት ለሌላ ሰው ሲተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። መብቱ በሥራ አመንጪው ዘመንና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል፤ በጋራ ለተሠራ ሥራ 50ው ዓመት የሚቆጠረው ከአመንጪዎቹ በመጨረሻ የሞተው ካረፈበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ይህ ለልጆቻችሁ የሚተርፍ ጉዳይ ስለሆነ በ«ይሁን» አይታለፍም። የእኛ ወረቀት አንድ ገጽ ናት፦ የዘፈኑ መጠሪያ፣ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ገቢው እኩል እንደሚካፈል፣ ዘፈኑ ለዘፋኝ ሲሸጥ ሁለታችንም እንደምንፈርም፣ ግጥሙ ብቻውን በሌላ ዜማ እንዲዘፈን ከተፈለገ መፈቀድ ያለበት በእኔ፣ ዜማው በሌላ ግጥም ከተፈለገ በእሱ መሆኑ። ከሕዝብ የወሰድነው ስንኝ ወይም የዜማ ሐረግ ካለ ለይተን «የሕዝብ» ብለን እንጽፋለን። የጎጃም አዝመራ ሰብሳቢ ሲያዜመው የኖረውን ነገር በራሳችን ስም ማስመዝገብ ነውር ነው፤ ጎረቤት ሲሰማውም ያፍራል።

ክፍያው በእሱ ቴሌብር ከገባ ድርሻዬ በዚያው ቀን ይላካል፣ በእኔም ከገባ እንዲሁ። ዘፈኑ ሲለቀቅ ከሥሩ የሚጻፈውን ጽሑፍ አዘጋጅታችሁ አስቀድማችሁ ስጡ፤ «ግጥም» በአንድ መስመር፣ «ዜማ» በሌላ መስመር። «ግጥምና ዜማ» ተብሎ በአንድ ሰው ስም ከወጣና ሰው ከተቀባበለው በኋላ እርማት ማስገባት አድካሚ ነው።